ሱቭላኪ በሥጋ ቤት፦ መሃል አዲስ አበባ ላይ የግሪክ ጥብስ በፒታ ለመብላት

አክስቴ አቴንስ ዓመታት ኖራ ስትመለስ ሻንጣዋ ውስጥ በጨርቅ የታሰረ ደረቅ ቅጠል ነበር። ጦስኝ መስሎን ሻይ ውስጥ ልንጨምረው ስንል ጮኸችብን። "ኧረ ተዉ! የሥጋ ነው!" በማግስቱ ግቢው ውስጥ ከሰል አቀጣጠለች፣ ሥጋ በቀጫጭን እንጨት ሰካች፣ ሎሚ ጨመቀችበት፣ ወፈር ባለ ትኩስ ቂጣ ጠቅልላ አጎረሰችን። ሱቭላኪ የሚባለውን ነገር ያኔ ነው ያወቅኩት።

ከዚያ ወዲህ ያንን ጣዕም ፍለጋ መሃል ከተማውን ብዙ ዞሬበታለሁ። አንዳንዴ ተሳክቶልኛል። ብዙ ጊዜ ግን ግሪክ ያለው ሜኑው ላይ ብቻ ነው፤ ሳህኑ ላይ የሚመጣው ሌላ ነገር። በመጨረሻ የደረስኩበት ይኸው ነው፦ ጥሩ ሱቭላኪ ለመብላት የግድ የግሪክ ሬስቶራንት አያስፈልግም። ትኩስ ሥጋና ከሰል የሚያውቅ እጅ በየሰፈሩ አለ። ሥጋ ቤት ይባላል። እዚያ የማታገኙት ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ መዘፍዘፊያው፣ ጻጺኪ የሚባለው የእርጎ ማባያ እና ፒታ የሚባለው ቂጣ። ሦስቱን ከቤት ይዛችሁ ትሄዳላችሁ።

እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ

ሱቭላኪ ማለት በግሪክኛ ትንሽ የሥጋ መስኪያ እንደማለት ነው። ሥጋው በትንንሹ ተቆርጦ በእንጨት ይሰካና ከሰል ላይ ይጠበሳል። አቴንሶች እንጨቱን ከነሥጋው "ካላማኪ" ይሉታል፤ ሸምበቆ ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ተሰሎንቄ ሄዳችሁ ካላማኪ ብትሉ ደግሞ የመጠጥ መምጠጫ ያመጡላችኋል እየተባለ ይቀለድባቸዋል።

ዪሮስ ሌላ ነው። እሱ ቆሞ እየዞረ የሚጠበሰው፣ በቢላ የሚላጨው ነው። ቃሉም "ዙር" ማለት ነው። ሜኑ ላይ "ጋይሮ" ተብሎ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። የምናውቀው ሻዋርማ የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ሁለቱም ከቱርኩ ዶነር ይወለዳሉ። ስለዚህ ሱቭላኪ አዝዛችሁ የተላጨ ሥጋ ከመጣላችሁ ዪሮስ ነው የመጣው። ይጣፍጣል፤ ግን ያዘዛችሁትን አይደለም።

ፒታውም ይለያያል። ሱፐርማርኬት የሚሸጠው ሁለት ሽፋን ያለው፣ መሃሉ እንደ ኪስ የሚከፈተው የአረቦቹ ነው። የግሪኩ ኪስ የለውም። ወፈር ይላል፣ ይለሰልሳል፣ በዘይት ተቀብቶ መጥበሻ ላይ ይሞቃል። አይሞላም፤ ይጠቀልላል።

ጻጺኪ በእርጎ፣ በኪያርና በነጭ ሽንኩርት የሚሠራው ነጭ ማባያ ነው። አንዳንድ ቤት "ዛዚኪ" ብሎ ይጽፈዋል።

1. ቀን ምረጡ

ይሄ ቀልድ አይደለም፤ ግማሹ ሥራ ቀን መምረጥ ነው። ረቡዕና ዓርብ ብዙ ሥጋ ቤት ዝግ ነው፤ ክፍት ቢሆንም ማዕዱ አይደምቅም። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሰው ይበዛል። ጠባሹ ላብ በላብ ሆኖ እያለ "ይቺን በእንጨት ሰክተህ ጥበስልኝ" ብትሉት ፊቱን ባታዩት ይሻላል። ለእኔ የሚስማማኝ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል ነው። የምሳው ሰው ሄዷል፣ የማታው አልመጣም፣ ከሰሉ ግን አልጠፋም።

2. ሬስቶራንት መሞከር ከፈለጋችሁ

የራሳችሁን ከመሥራታችሁ በፊት የሰው መቅመስ ጥሩ ነው። ግሪኮች ወደዚህ አገር የመጡት ትናንት አይደለም። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ በድሬዳዋ በኩል 1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ ሠራተኛም ነጋዴም ሆነው ሐዲዱን ተከትለው የመጡ ብዙ ነበሩ። ዛሬ ቁጥራቸው ተመናምኗል፤ ግን ማኅበረሰቡ አለ፣ ኦሎምፒያኮስ የሚባል ክበብም አላቸው። የቆዩ የከተማው ሰዎች "ግሪክ ክለብ" ይሉታል። ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ አባል ያልሆነ ሰው ይገባል ወይ? ዛሬ ከሰል ላይ የሚጠበስ አለ ወይ?

አንድ ማሳሰቢያ። መሃል ከተማው ላይ የድሮ አድራሻ አትመኑ። ፒያሳ በ2016፣ ካዛንቺስ በ2017 ፈርሰው ብዙ ቤት ቦታ ቀይሯል። ስልክ ላይ ያለው ካርታ "ደርሰዋል" ብሎ አጥር ፊት ያቆማችኋል። ደርሶብኛል፤ ሦስት ሰው ጋብዤ።

የገባችሁበትን ቤት ለመፈተን አራት ነገር እዩ።

አንደኛ፣ ከሰል አለ ወይስ የጋዝ ምጣድ ብቻ? አፍንጫችሁ ከአስተናጋጁ ቀድሞ ይነግራችኋል።

ሁለተኛ፣ ጻጺኪውን ለብቻው በትንሽ ሳህን አስመጡና ማንኪያ ገልብጡ። ደህናው ማንኪያው ላይ ይቆያል። የሚንጠባጠብ ከሆነ እርጎው አልጠለለም። ጣፋጭ ከሆነ ማዮኔዝ ነው፤ አትከራከሩ፣ ኬቻፕ ጠይቁና ብሉ።

ሦስተኛ፣ ፒታው በምን ይሞቃል? ማይክሮዌቭ ከሆነ በአምስት ደቂቃ ውስጥ እንደ ቆዳ ይጠነክራል።

አራተኛ፣ ሥጋው የምንድን ነው? ግሪክ አገር ዋናው የአሳማ ነው። እዚህ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ስለማይበላው አብዛኛው ቤት በዶሮ ወይም በበሬ ይሠራዋል። የውጭ እንግዳ በሚበዛባቸው ቤቶች ግን መጠየቅ ነውር የለውም። ሳያፍሩ መጠየቅ ነው።

ሁሉም ያለበት ስትፈልጉ ግሪኮቹ "አፖላ" ይላሉ። አዲስ አበባ አስተናጋጅ ፊት ብትሉት ግን ትርፉ መተያየት ነው። "ሁሉም ይግባበት" በሉ።

3. ግዢ

ለ4 ሰው የሚበቃ ይሄ ነው። ሥጋ 1 ኪሎ፤ እሱን ከሥጋ ቤቱ ስለምትገዙ ለጊዜው ተዉት። እርጎ 1 ሊትር፣ ኪያር 2፣ ሎሚ 5፣ ነጭ ሽንኩርት አንድ ራስ፣ ቲማቲም 3፣ ቀይ ሽንኩርት 2፣ ድንች ግማሽ ኪሎ፣ የፉርኖ ዱቄት ግማሽ ኪሎ፣ እርሾ፣ የወይራ ዘይት፣ አቼቶ፣ ኦሬጋኖ (ያ የአክስቴ ደረቅ ቅጠል)፣ ረጃጅም የእንጨት ስቴኪኒ።

አትክልቱን ከሰፈራችሁ ግዙ። የፒያሳው አትክልት ተራ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ከሄደ ወዲህ ለሁለት ኪያር ያን ሁሉ መንገድ መሄድ ትርጉም የለውም። ኦሬጋኖ፣ የወይራ ዘይትና ረጃጅሙ እንጨት ከሱፐርማርኬት ይገኛሉ። በነገራችን ላይ ከከተማው አንጋፋ ሱፐርማርኬቶች አንዱ የሆነው ባምቢስ የግሪክ ተወላጅ የከፈተው ነው። ባምቢስ ሐራላምቦስ የሚባል ሰው በቁልምጫ የሚጠራበት ስም ነው።

ኦሬጋኖ ካጣችሁ ወይም ዋጋው ካስደነገጣችሁ ጦስኝ አለላችሁ። ያኔ እኛ ቤት ሁላችንም የተሳሳትነው በከንቱ አልነበረም። ሁለቱ ቅጠሎች ዘመዳሞች ናቸው፤ ሽታቸውም ይቀራረባል። ከደብረ ሲና በኩል የሚመጣው ደረቅ ጦስኝ በእጅ ታሽቶ ሲበተን ሥጋ ላይ በጣም ያምርበታል። እንዲያውም እኔ አሁን ግማሽ በግማሽ እቀላቅላለሁ። አክስቴ አልወደደችውም። ፒታዋን ግን ጨርሳለች።

4. ጻጺኪ፤ ከዋዜማው ማታ

ምስጢሩ ያለው ማጥለሉ ላይ ነው። የእኛ እርጎ ቀጭንና ኮምጣጣ ነው፤ እንዳለ ከተጠቀማችሁ ፒታው ይበሰብስና በክርናችሁ ይወርዳል። ንጹሕ ነጭ ሻሽ ወንፊት ላይ አንጥፉ፣ ወንፊቱን ድስት ላይ አስቀምጡ፣ እርጎውን አፍሱበት፣ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት አጓቱ ታች ወርዶ ላይ የቀረው እንደ ለጋ ቅቤ የሚቆረስ ይሆናል። ከ1 ሊትሩ ግማሽ ያህሉ ቢቀር አትደንግጡ፤ መሆን ያለበት እሱ ነው። አጓቱን እንዳትደፉት። ለፒታው ሊጥ እንፈልገዋለን።

የፋብሪካ እርጎ የምትጠቀሙ ከሆነ ስኳርና ፍራፍሬ የሌለበት መሆኑን አንብቡ። አንዴ ቸኩዬ የቫኒላ ገዝቼ ነበር። ነጭ ሽንኩርት በቫኒላ። አልተበላም።

ኪያሩን በትልቁ መፋቂያ ፋቁ፣ ጨው ነስንሱበት፣ 20 ደቂቃ ተዉትና በእጃችሁ ጨብጣችሁ ጭመቁ። ከዚያ እንደገና ጭመቁ። ውሃው አለቀ ስትሉ አላለቀም።

ነጭ ሽንኩርቱን በሙቀጫ ከጨው ጋር ውቀጡ። የሀበሻው ትንንሹ ከሆነ 3 ፍሬ ይበቃል፤ ኃይለኛ ነው፣ ሲያድር ደግሞ ይብሳል። ሁሉንም ቀላቅሉ፦ የጠለለው እርጎ፣ ኪያሩ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት፣ 1 የሻይ ማንኪያ አቼቶ። ግሪኮቹ መጨረሻ ላይ የሚጨምሩት ለምለም ቅጠል በመልክም በሽታም ከእንስላል ጋር ይቀራረባል። የእንስላል ለጋ ቅጠል ካገኛችሁ አድቅቃችሁ ጨምሩ። ከሌለ ናና። ሁለቱም ከሌሉ ተዉት።

5. ፒታ

ግማሽ ኪሎ የፉርኖ ዱቄት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 1 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ 7 ግራም ያህል ደረቅ እርሾ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ለብ ያለ 3 መቶ ሚሊ ሊትር አጓት። አጓቱ ካልሞላ በውሃ ሙሉት። 10 ደቂቃ እሹት። ሊጡ መጀመሪያ እጅ ላይ ይለጥፋል፤ ዱቄት ለመጨመር አትቸኩሉ፣ ሲታሽ ራሱ ይለቃል።

አሁን ሸፍናችሁ ተዉት፤ ግን አትርሱት። የውጭ አዘገጃጀት "1 ሰዓት ተኩል ይቆይ" ሲል ባሕር ጠረፍ ላይ ላለ ሰው ነው የሚያወራው። እኛ ከ2 ሺህ 3 መቶ ሜትር በላይ ነን። አየሩ ስለሚሳሳ ሊጥ ቶሎ ይነፋል። ሞቅ ባለ ወጥ ቤት 45 ደቂቃ ውስጥ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ሰዓቱን ሳይሆን ሊጡን እዩ።

8 ቦታ ከፋፍሉት፣ አድቦልቡሉት፣ 10 ደቂቃ ይረፍ። በግማሽ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ዳምጡትና በሹካ ወይም በጣታችሁ ጫፍ ደህና አድርጋችሁ ውጉት። ካልወጋችሁት ይነፋና የአረቦቹ ሆኖ ኪስ ያወጣል። ትንሽ ዘይት ቅቡት። በጋለ መጥበሻ አንዱን ፊት 2 ደቂቃ፣ ሌላውን 1 ደቂቃ። ቡናማ ነጠብጣብ ሲያወጣ አንሡት። ትኩሱን በፎጣ ጠቅልላችሁ በላስቲክ ከረጢት ክተቱ፤ እንፋሎቱ ነው የሚያለሰልሰው።

መጥበሻ ያልኩት በምክንያት ነው። መጀመሪያ የሠራሁ ቀን ብልጥ ነኝ ብዬ በእናቴ ምጣድ ሦስት ሦስቱን በአንዴ ጋገርኩ። ፒታው ግሩም ነበር። ቅዳሜ እናቴ እንጀራ ልትጋግር ሊጡን ስታዞርበት ግን ምጣዱ ላይ ሙጭጭ አለ። የመጀመሪያው ተቀደደ። ሁለተኛው ተቀደደ። በጎመን ዘር ስታሰሰው የዋለችበት ምጣድ በእኔ ዘይት ተበላሽቷል። ምንም አልተናገረችም፤ አክንባሎውን ከደነችና ወጥታ በረንዳ ላይ ተቀመጠች። ያን ሳምንት እንጀራ ከሱቅ ነበር የገዛነው፣ በእኔ ብር።

መጥበሻ ተጠቀሙ።

6. መዘፍዘፊያው

ለ1 ኪሎ ሥጋ፦ 4 የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት፣ 2 የሻይ ማንኪያ ኦሬጋኖ፣ 3 ፍሬ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ። ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ አድርጋችሁ አጥብቃችሁ ክደኑ። ሎሚውን እዚህ ውስጥ እንዳትጨምሩት፤ ለብቻው ያዙት። ሎሚ ሥጋን ቶሎ ያበስላል፤ ክትፎ ላይ ጨምቃችሁ ከሆነ ቀለሙ ሲነጣ አይታችኋል። ብዙ ከቆየ ውጭው ይልፈሰፈስና ጥርስ ላይ እንደ ጉበት ይሆናል። ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ይጨመቃል። ጨው ደግሞ ከሰል ላይ ሊወጣ ሲል።

እንጨቶቹን ግማሽ ሰዓት ውሃ ውስጥ ካልዘፈዘፋችሁ ይቃጠላሉ። እኔ አንገቱ የተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ ውሃ ሞልቼ እሰካቸዋለሁ፤ እንደዚያው ይዤ ታክሲ እገባለሁ። ረዳቱ አንድ ቀን "አበባ ነው?" ብሎኛል።

7. ሥጋ ቤት

ደንበኛ የሆናችሁበት ቤት ቢሆን ይመረጣል። መጀመሪያ ዕቃችሁን ሳታወጡ ባለቤቱን ወይም ቆራጩን አናግሩ። ሥጋውን ከእነሱ እንደምትገዙ፣ የማስጠበሻውን እንደምትከፍሉ፣ የምትጠጡትን ከእነሱ እንደምታዙ ንገሩ። ማንም በነፃ ከሰሉን አያውስም፤ ከውጭ ምግብ ይዞ መግባትም የሚያስከፋው ቤት አለ። እንቢ ካሉ እንቢ ነው፤ ወደሚቀጥለው።

እኔ የመጀመሪያ ቀን የሆነውን ልንገራችሁ። ቆራጩ ነጭ ጋወኑን እንደለበሰ ቢላውን እየሳለ ነበር።

"ለጥሬ ነው ለጥብስ?"

"ለግሪክ" አልኩት።

"ግሪክ ደግሞ ምን ቆርጣ በላች?"

አስረዳሁት። ከሽንጥ፣ ጅማት የሌለበት፣ የክብሪት ቀፎ ግማሽ የሚያህል፣ ሁሉም እኩል። እኩልነቱን ሁለቴ ተናገሩ፤ ትልቅና ትንሽ ከተቀላቀለ አንዱ ሲያርር ሌላው ጥሬ ነው። "በግ ካለህ ትንሽ ላት ጣል አድርግልኝ" አልኩት። ይቺ የራሴ ፈጠራ ናት። ግሪኮቹ የሚጠቀሙት አሳማ የራሱ ስብ አለው፤ የእኛ ሽንጥ ግን ደረቅ ነው። በየሦስት ቁራጩ መሃል የጥፍር ያህል ላት ወይም ጮማ ከሰካችሁ እየቀለጠ ሥጋውን ያርሰዋል። የበግ ሥጋ ብቻ ካገኛችሁ ወርቹን ውሰዱ፤ ላትም አያስፈልገውም። ዶሮ የምትሉ ደግሞ ጭኑን ከቤት አጥንቱን አውጥታችሁ ያዙ። ደረቱ ከሰል ላይ እንጨት ይሆናል። ዶሮ እስከ ውስጡ ነጭ ሳይሆን አይበላም፤ ለበሬው ግን እንደየምርጫችሁ።

ቁርጡን ትሪ ላይ አድርጉ፣ ጠርሙሱን አፍስሱበት፣ እሹት። ሎሚ ጭመቁ። ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፤ አንድ ነገር ጠጡ። ከዚያ ስኩ። አንድ እንጨት ላይ 100 ግራም ያህል፣ 6 ወይም 7 ቁራጭ። ተጠጋግቶ ይሰካ፤ ተጨናንቆ ግን አይደለም። ከ1 ኪሎ 10 እንጨት ይወጣል። ለ4 ሰው ሁለት ሁለት፣ የቀሩት ሁለቱ ለጠባሿ። ይሄን አስቀድማችሁ ንገሯት። በእንክብካቤ ነው የምትጠብሰው።

ከጠባሿ ጋር ሌላም ስምምነት አለ። ቅቤ እንዳይነካው። ሽንኩርትና ቃሪያ እንዳይጨመርበት። የጥብስ ቅጠልም አይግባ። እጇ ለምዶባት ትጨምራለች፤ ስለዚህ አጠገቧ ቁሙ። "እንዲሁ በባዶው? ኧረ ነውር ነው" አለችኝ። ቀማሽ አደረግኋት።

ከሰሉ ነበልባል የለበትም፤ ላዩ አመድ ለብሶ ውስጡ የቀላ ይሁን። መዳፋችሁን አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋችሁ ያዙበት። እስከ አራት ስትቆጥሩ ካስቻላችሁ ሙቀቱ ልክ ነው። ሁለት ላይ እጃችሁን ካነሣችሁ በዝቷል፣ ይብረድ። በየ2 ደቂቃው እያገላበጡ 8 ወይም 10 ደቂቃ። ላቱ ሲንጠባጠብ እሳት ብልጭ ይላል፤ ውሃ አትርጩ፣ እንጨቱን ወደ ዳር አንሸራትቱ።

የወይራ ፍልጥ ካገኛችሁ፣ ለወተት ዕቃ ማጠኛ የሚሸጠውን ማለቴ ነው፣ አንድ ቁራጭ ጣል አድርጉ። የእኛ ወይራና የግሪኮቹ ወይራ ወንድማማች ዛፎች ናቸው። እነሱ ፍሬውን ጨምቀው ዘይት ያወጣሉ፣ እኛ ግንዱን እናጨሳለን። እዚህ ትሪ ላይ ተገናኙ።

ቤት ውስጥ በከሰል ለመሥራት ያሰባችሁ ካላችሁ ግን ተዉት። በረንዳ ወይም ግቢ ከሌላችሁ መስኮት በመክፈት አይካካስም።

8. አጠቃለሉ

ድንቹን በቀጭኑ ቆርጣችሁ ከቤት ጠብሳችሁ ያዙ፤ ወይም እዚያው ጥብስ ድንች እዘዙ። አዎ፣ ድንቹ ውስጡ ይገባል። ግሪክ አገር ፒታ ያለ ድንች ጎዶሎ ነው። ሽንኩርቱን በስሱ ቆርጣችሁ ጨው ባለበት ውሃ 10 ደቂቃ ንከሩት፤ የሀበሻ ሽንኩርት ካልተነከረ ሥጋውን ያጠፋዋል።

ፒታውን ከሰሉ ዳር ግማሽ ደቂቃ አሙቁ። እጃችሁ ላይ ዘርጉትና መሃሉን ጻጺኪ ቅቡት። አሁን ፒታውን እንደ ጓንት ተጠቀሙበት፦ እንጨቱን ከነሥጋው በፒታው ጨብጡና እንጨቱን ሳቡት። ሥጋው ፒታው ውስጥ ይቀራል፣ እንጨቱ ባዶውን ይወጣል፣ ጣታችሁ አይቃጠልም። ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ትንሽ ኦሬጋኖ። ታችኛውን ጫፍ አጥፉ፣ ከዚያ ከጎን ወደ ጎን ጠቅልሉና ታችውን በወረቀት አጥብቁ። ጠረጴዛ ላይ ባለው ስስ ሶፍት እንዳትሞክሩት፤ ፒታው ላይ ይለጠፋል። የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት ወይም ፎይል ያዙ።

ሚጥሚጣ? ይጠየቃል፤ አውቃለሁ። የመጀመሪያውን ያለ ሚጥሚጣ ብሉ። ከሁለተኛው ጀምሮ የራሳችሁ ጉዳይ ነው። አዋዜ ግን ከጻጺኪ ጋር አይስማማም፤ እርጎው ይቆረጥና ሮዝ ውሃ ይሆናል። ሰናፍጭ እንዲያውም ይሻላል።

ሲበላ ቁሙ። ተቀምጦ በሹካ የሚበላ ነገር አይደለም። ቆራጩ የተሰጠውን ወስዶ ከነጋወኑ በሩ ላይ ቆሞ ነበር የበላው። በሁለት ሳምንቱ ስመለስ ገና ከመንገድ ማዶ አይቶኝ "ግሪኩ!" ሲል ተጣራ። እስካሁን እንደዚያ ነው የሚጠሩኝ።

በጾም

ዐቢይ ጾም ሲገባ ሥጋ ቤቱ ለ55 ቀን ይዘጋል፤ ጻጺኪውም አብሮ ይቀራል። ግሪኮቹም ኦርቶዶክስ ስለሆኑ ይሄ ችግር አላቸው፤ ረቡዕና ዓርብንም ይጾማሉ። የእኛ ዐቢይ ጾም ከእነሱ በሳምንት ይቀድማል፣ ፋሲካው ግን በአንድ ቀን ይውላል። ስለዚህ መልሱንም ከእነሱ እንውሰድ፤ ስኮርዳሊያ ይባላል።

ግማሽ ኪሎ ድንች ቀቅሉና በትኩሱ ፍጩት። 4 ፍሬ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ግማሽ የቡና ሲኒ የወይራ ዘይት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ፣ ጨው። ዘይቱን በጥቂት በጥቂቱ እያማሰላችሁ ጨምሩ። ድንቹን በማሽን አትፍጩት፤ እንደ ሙጫ ይሆናል።

በሥጋው ቦታ እንጉዳይ፣ ደበርጃንና ዝኩኒ ስኩ። ያው መዘፍዘፊያ ይሠራላቸዋል፤ ሎሚውን ግን ከሰል ላይ ከወረዱ በኋላ ጭመቁት። ደበርጃኑን በወፍራሙ ቁረጡት፣ አለዚያ ከሰል ላይ ይሟሟል። ለፒታው ሊጥ በአጓቱ ፈንታ ውሃ። ከሰሉን ደግሞ በጾም የጥብስ በቆሎ ወይም ድንች የምትሸጥ የሰፈር ሴት ጋ ጠይቁ፤ ከሰሉ በቀላበት ሰዓት 10 ደቂቃ ብቻ ነው የምትፈልጉት፣ አንድ ፒታም ለእሷ ጠቅልሉላት።